የካተር መተኪያ ምላጭ አመራረጥ፦ የብረቱ ዓይነት፣ የሚቆረጠው ነገርና የስለቱ እውነተኛ ዋጋ

በካርቶን መጋዘን፣ በጫማ መሥሪያ፣ በማስታወቂያ ማተሚያና በጂፕሰም ሥራ ላይ በተለምዶ ካተር የሚባለው ባለምላጭ ቢላዋ ከሠራተኛው እጅ አይለይም። ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ በጥናት ርእስነት እምብዛም አይታሰብም። ይሁን እንጂ እጀታው ለዓመታት ሲያገለግል በየዕለቱ የሚያልቀው ምላጩ ነው፤ የሥራው ጥራትም ሆነ የሠራተኛው ደኅንነት የሚወሰነው በአብዛኛው በዚሁ በሚተካው ክፍል ነው። የዶለዶመ ምላጭ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። በብዙ ኃይል የተገፋ ምላጭ ከማስመሪያው ጠርዝ ሲያመልጥ ወይም ካርቶኑን በድንገት ጥሶ ሲወጣ ደግሞ የሚያርፈው ማስመሪያውን በያዘው እጅ ወይም በጭን ላይ ነው።

ገዢው በሱቅ መደርደሪያ ፊት ሲቆም የሚያገኘው መረጃ ግን የምላጩ ስፋት፣ የማሸጊያው ቀለምና ዋጋው ብቻ ነው። «የማይዝገው ይሻላል»፣ «ወርቃማው ይበረታል»፣ «ጥቁሩ ይስላል» የሚሉ የተለመዱ ምክሮችም አሉ፤ ከፊላቸው እውነት፣ ከፊላቸው ግን ከቀለም ያላለፈ ነው። ይህ ጽሑፍ «ጥሩ ምላጭ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ እንደሌለው፣ «ምን ለመቁረጥ?» ከሚለው ጋር ሲጣመር ግን ከብረቱ ባሕርይ ተነሥቶ ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል።

ሁለቱ ቅርጾች

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ተቀንጣሹ ምላጭና ባለ ትራፒዚየም ቅርጹ ምላጭ ናቸው። ተቀንጣሹን የፈለሰፈው የኦሳካው ዮሺዮ ኦካዳ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1956 ነው። ኦካዳ በማተሚያ ቤት ወረቀት ሲቆርጥ የምላጭ ጫፍ ቶሎ መዶልዶሙ ያስቸግረው ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ጫማ ሠሪዎች በመስታወት ስባሪ ሲፍቁ፣ ስባሪው ሲዶለዱምባቸውም እንደገና ሰብረው አዲስ ጠርዝ ሲያወጡ ከማየቱና በመሥመር የተከፋፈለውን ቸኮሌት ከማስታወሱ እንደሆነ ይተረካል። የድርጅቱ ስም ኦልፋም በጃፓንኛ «መስበር» እና «ስለት» ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው። በጠርሙስ ስባሪ እንጨት ሲፋቅ ላየ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

የተቀንጣሽ ምላጭ የተለመዱ ስፋቶች 9፣ 18 እና 25 ሚሊ ሜትር ናቸው። የ9 ሚሊ ሜትሩ ውፍረት ወደ 0.4፣ የ18ቱ ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የትራፒዚየሙ ምላጭ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ሁለቱም ጫፎቹ እየተገለበጡ ያገለግላሉ፤ ከእጀታው የሚወጣው ክፍልም አጭር ስለሆነ የጎን ግፊትን በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የብረት ሳይሆን የቅርጽ ነው፤ ምላጩ ወደ ጎን የሚጠመዘዝበት ሥራ፣ ለምሳሌ የወለል ምንጣፍና የጣሪያ ሽፋን መቁረጥ፣ ወፍራሙንና አጭሩን ይፈልጋል። ስቲከርና ወረቀት በማስመሪያ ለሚቆርጥ ግን ቀጭኑ 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ውፍረቱ እዚያ ላይ ወረቀቱን ከመግፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ስለት እንዴት ይዶለዱማል?

የስለታምነት ትርጉም የጠርዙ ጥበት ነው። የአዲስ ምላጭ ጠርዝ ጫፍ ከአንድ ማይክሮ ሜትር ባነሰ ስፋት ያልቃል፤ አነስተኛ ኃይል በጣም ጠባብ ስፍራ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ግፊት ከፍተኛ በመሆኑ የሚቆረጠው ነገር ይከፈላል። ጠርዙ ሲሰፋ ያንኑ ግፊት ለማግኘት የእጅ ኃይል መጨመር ግድ ይሆናል። ጠርዙ የሚሰፋባቸው መንገዶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የምርጫው ቁልፍም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ መፋቅ ነው። ካርቶን ለእጅ ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ የካልሲየም ካርቦኔትና የካኦሊን መሙያ ማዕድናት ይገኙበታል፤ እንደገና ከተዘጋጀ ወረቀት የተሠራው ደግሞ የአሸዋ ብናኝ ሊይዝ ይችላል። ካልሲየም ካርቦኔት በሞስ መለኪያ 3 ያህል ስለሆነ ለጠነከረ ብረት ከባድ ባላጋራ አይደለም። የአሸዋው ኳርትዝ ግን 7 ነው፤ ከምላጭ ብረት ይበልጣል፤ ጥቂት ቅንጣቶቹ እንኳ ጠርዙን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። እንዲህ ላለው ሥራ የሚፈለገው ባሕርይ ጥጥርነት፣ ማለትም መጫርና መፋቅን የመቋቋም ችሎታ ነው።

ሁለተኛው መሸረፍ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጂያንሉካ ሮሺዮሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ተመራማሪዎቹ የጢም መላጫ ምላጭ ከእርሱ ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚለሰልሰውን ጸጉር ሲቆርጥ ለምን እንደሚዶለዱም መረመሩ። ያገኙት ዋና ምክንያት ቀስ በቀስ መበላት ሳይሆን የጠርዙ መሸረፍ ነበር፤ ጸጉሩ ተጣጥፎ በሰያፍ ሲያርፍና ያረፈበት የብረት ስፍራ ውስጣዊ አሠራሩ ወጥ ሳይሆን ሲቀር ትንሽ ስባሪ ከጠርዙ ይነሣል። ጥናቱ ስለ ካተር አይናገርም። ሆኖም ለስላሳ ነገር ጠጣሩን ሊሸርፍ መቻሉን ስላረጋገጠ፣ ቆዳ ወይም ምንጣፍ ሲቆረጥ የሚታየውን የጠርዝ ጥርሳማነት ለመረዳት መንገድ ይከፍታል። መሸረፍን የሚከላከለው ጥጥርነት ብቻውን አይደለም፤ ሳይሰበር መተጣጠፍን የመቻል ጽናት ነው። ሁለቱ ባሕርያት ደግሞ በአብዛኛው አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ናቸው።

ሦስተኛው ዝገት ነው። በምላጩ ገጽ ላይ ምንም የማያስከትል የዝገት ስስ ሽፋን ከማይክሮ ሜትር በታች በሆነ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጠርዙን ጨርሶ ያጠፋዋል። በክረምት ወራት ክፍት ሆኖ የሰነበተ ያልተነካ ምላጭ «ከመጀመሪያውም ደንዝ ነበር» ተብሎ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የብረቱ ዓይነት

አብዛኛው የካተር ምላጭ ከካርቦን አረብ ብረት ይሠራል። ማሸጊያዎች ላይ የሚታዩት «ኤስኬ 5» እና «ኤስኬ 2» የሚሉት ምልክቶች የጃፓን ደረጃ መጠሪያዎች ናቸው። ኤስኬ 5 ከ0.80 እስከ 0.90 በመቶ፣ ኤስኬ 4 ከ0.90 እስከ 1.00 በመቶ፣ ኤስኬ 2 ከ1.15 እስከ 1.25 በመቶ ካርቦን ይይዛል። ቁጥሩ ሲያንስ ካርቦኑ መጨመሩ ገዢን ያሳስታል፤ በአዲሱ አጠራር ኤስኬ 85፣ ኤስኬ 95 እና ኤስኬ 120 መባላቸው ይህን ግራ መጋባት ያስቀራል፤ ገበያው ግን አሁንም በአሮጌው ስም ይሸጣል። ከ0.8 በመቶ ገደማ በላይ ያለው ካርቦን በብረቱ ውስጥ ጠጣር የካርባይድ ቅንጣቶች ሆኖ ስለሚቀር መፋቅን የመቋቋም ኃይልን ይጨምራል። ሆኖም ምልክቱ የብረቱን ቅንብር እንጂ አሠራሩን አይመሰክርም። ብረቱ ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ በኋላ በዝቅተኛ ሙቀት ዳግም የሚሞቅበት ሂደት ከተበላሸ የኤስኬ 2 ምላጭ ከጥሩ ኤስኬ 5 ያነሰ ሊሆን ይችላል።

የማይዝገው ምላጭ በአብዛኛው 13 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 0.7 በመቶ ያህል ካርቦን አለው። እርጥበት ባለበት፣ ምግብ በሚታሸግበት ወይም እርጥብ ቆዳ በሚቆረጥበት ቦታ ተገቢ ነው። በደረቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ለሚቆርጥ ግን «አይዝግም» የሚለው ብልጫ ዋጋ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።

ባለሁለት ብረቱ ምላጭ ጠርዙ ፈጣን ብረት ከሚባለው፣ አካሉ ደግሞ ከሚተጣጠፍ የስፕሪንግ ብረት ተበይዶ የተሠራ ነው። ፈጣን ብረት የሚወደሰው 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ጥጥርነቱን ባለመልቀቁ ነው፤ በእጅ ሲቆረጥ ግን እንዲህ ያለ ሙቀት ስለማይፈጠር ይህ ብልጫ ለካተር ተጠቃሚ ትርጉም የለውም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የተንግስተን፣ የሞሊብደነምና የቫናዲየም ካርባይዶቹ መፋቅን ይቋቋማሉ፤ አካሉም ሲጣመም ተሰብሮ ወደ ዓይን አይፈናጠርም።

ወርቃማው የቲታኒየም ናይትራይድ ልባጥ ከብረቱ እጥፍ በላይ ይጠጥራል፤ ውፍረቱ ግን ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ከልባጡ በኋላ ከተሳለ ልባጡ በጠርዙ ላይ አይገኝም፤ ከመሳል በኋላ ከተለበጠ ደግሞ ጠርዙን በመጠኑ ያሰፋዋል። ቀለም ብቻ የሆነ ወርቃማ ምላጭም ስላለ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ እውነተኛው ልባጥ አይላጥም። የጥቁር ምላጭ ጥቁረት በበኩሉ ጥጥርነት አይጨምርም፤ አንዳንድ አምራቾች በተለየ ጥንቃቄ የተሳለውን ለመለየት ይጠቀሙበታል እንጂ።

ሴራሚክ ምላጭ ጨርሶ አይዝግም፤ በጣምም ጠጣር ነው። ሲጠመዘዝ ግን ይሰበራል፤ ከሣጥን መክፈት ላለፈ ሥራ አይመከርም።

ዋጋን በስለት መቁጠር

ኩሽና ቢላዎች የሚፈተኑበት አይኤስኦ 8442-5 የተባለው ደረጃ ሲሊካ ያለበትን ካርድ በማሽን እያስቆረጠ ሁለት ውጤት ለይቶ ይመዘግባል፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልልሶች የቆረጡትንና በ60 ምልልስ በጠቅላላ የተቆረጠውን። ክፍፍሉ ለካተርም ይሠራል። በሱቅ ውስጥ ወረቀት ቆርጦ መሞከር የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ርካሽ ምላጮችም በዚህ ፈተና እምብዛም አይወድቁም።

ለአብነት ያህል፣ ስምንት ክፋይ ያለው ምላጭ የመጨረሻው ክፋይ በመያዣው ስለሚቀር ሰባት ስለት ይሰጣል እንበል። አንዱ ምላጭ 8 ብር፣ ሌላው 16 ብር ቢሆን የአንድ ስለት ዋጋ በቅደም ተከተል 1.14 እና 2.29 ብር ነው። የርካሹ ስለት 40 ሜትር፣ የውዱ 120 ሜትር ካርቶን በጥራት ቢቆርጥ ለ100 ሜትር የሚወጣው 2.86 እና 1.90 ብር ይሆናል። በቀን 400 ሜትር የሚቆርጥ ሠራተኛም በመጀመሪያው አሥር ጊዜ፣ በሁለተኛው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀነጥሳል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ ሕጉ ግን ከእነርሱ ጋር አይለወጥም፦ የዋጋው ብዜት ከዕድሜው ብዜት እስካላለፈ ድረስ ውዱ ይረክሳል። ጂፕሰም ቦርድ በዚህ ስሌት ልዩ ጉዳይ ነው። ቦርዱ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ የፊቱ ወረቀት ተበጥቶ ቦርዱ ይሰበራል። ለዚህ ርካሽ የካርቦን ምላጭን ቶሎ ቶሎ መቀንጠስ ከውድ ልባጥ ይመረጣል።

ዕድሜውን ለማወቅ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። በሚዛኑ ላይ በሁለት ነጥቦች የተወጠረ ክር ይቀመጥና ምላጩ እስኪበጥሰው ሲጫን ሚዛኑ ያሳየው ከፍተኛ ግራም ይመዘገባል። ከዚያ ከአንድ ዓይነት ካርቶን አሥር አሥር ሜትር እየተቆረጠ ልኬቱ ይደገማል። ከየእሽጉ ቢያንስ ሦስት ምላጭ መውሰድ ያስፈልጋል፤ በአንድ እሽግ ውስጥ ያለው ልዩነት በብራንዶች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላልና። ቆራጩ የትኛው ምላጭ የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ውዱን የያዘ እጅ ሳያውቀው ይጠነቀቃል።

ከዚህ ሙከራ በፊት በዓይን የሚጣሉም አሉ። ጠርዙ በብርሃን ፊት ወደ ላይ ሲያዝ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከታየ እዚያ ላይ ተሸርፏል ወይም አልተሳለም፤ የጤናማ ጠርዝ ገጽ ብርሃን ለመመለስ አይበቃም። የመቀንጠሻው መሥመር ጥልቀትም ይታያል። ከመጠን በላይ ከጠለቀ ምላጩ በሥራ መካከል ይሰበራል፤ ካነሰም ሲቀነጠስ ከመሥመሩ ውጭ ይሄዳል። ቅንጠሳው በፒንሳ፣ ከፊት ርቆ፣ የዓይን መነጽር ተደርጎ የሚከናወን ሲሆን ስባሪው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል። ያልተነካው ምላጭ ከፋብሪካ የመጣበት ስስ ዘይት ሳይጠረግ በራሱ ሣጥን ይቆያል፤ ወረቀትና ስቲከር ላይ ከመዋሉ በፊት ብቻ በደረቅ ጨርቅ፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ይጠረጋል።