ፀሐይዋን አስዪ፣ ክንፉን ለእጅ ተዪ

ልጄ፣ ለጋምቤላ የነደፍሽውን የትምህርት ቤት ሕንፃ አየሁት። በምዕራብ ፊቱ ላይ ሴንሰር የሚመራቸው፣ በሞተር የሚከፈቱና የሚዘጉ የጥላ ክንፎች ደርድረሽበታል። ሥዕሉ ያምራል። ቤቱ የሚቆመው ግን ባሮ ወንዝ ዳር ነው፤ ስለዚህ የምልሽ አለኝ።

1. ሞዴሉን መጀመሪያ ትክክለኛ ቦታው ላይ አስቀምጪው። ጋምቤላ ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታዋም 500 ሜትር ግድም ነው። 2,300 ሜትር ላይ ያለችውን የአዲስ አበባን የአየር ንብረት ፋይል ግራስሆፐር በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ጭኖ ለባሮ መንደፍ ሹራብ ደርቦ ወደ ቆላማዋ ኢታንግ እንደ መውረድ ነው። ሰዓቱንም አትርሺ። የአገራችን ሰዓት የተሰላው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ጋምቤላ ግን 34 ዲግሪ ተኩል ላይ ስላለች ፀሐይዋ እኩለ ቀን የምትደርሰው ሰዓትሽ 6፡40 ገደማ ሲል ነው። አዲስ አበባ ረገብ ማለት በጀመረችበት ሰዓት እዚያ ገና ታቃጥላለች።

2. ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጪ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ የእኩለ ቀን ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ከሰሜን በኩል ታበራለች፤ ሌላውን ጊዜ ከደቡብ። ሰኔ 14 ቀን በሰሜን በኩል 75 ዲግሪ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት። አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ላለው መስኮት በእኩለ ቀን የሚያስፈልገው ታዛ በደቡብ በኩል ከ90 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ በሰሜን በኩል 40 ያህል ነው። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን በምትዞርበት ወቅት ዝናቡ ስለሚገባ ደመናውም ያግዝሻል።

ምዕራቡ ግን ሌላ ነው። በመጋቢት አጋማሽ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት፣ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ከአድማሱ 27 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ፊት ለፊት ትመታሻለች። ያንኑ መስኮት ለማጥላት ሦስት ሜትር የሚጠጋ ታዛ ልትሠሪ ነው? ሕንፃውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስረዝሚው፤ ጠባቦቹን ግድግዳዎች ለጠዋትና ለማታ ፀሐይ ስጪና መስኮት አትክፈቺባቸው። ባሮ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ ወንዙን የሚያይ ቤት በአመዛኙ ሰሜን ወይም ደቡብ ያያል፤ ይህን ዕድል አታባክኚው።

ለዚህ ሁሉ ሶፍትዌር አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ወንዙ ሲታጠፍ ወይም ቦታው ሲጣመም፣ ግድግዳሽ ሳትወጂ ሰሜን ምዕራብ ሲያይ ነው። ያኔ የክንፉን ማዕዘን፣ ስፋትና ርቀት በቁጥር አሥረሽ፣ አንዱን ቁጥር ስትለውጪ ሌላው ሁሉ አብሮ እንዲለወጥ ታደርጊያለሽ። መሣሪያው የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ግድግዳን ለማሸብረቅ አይደለም።

3. ክንፉ ቢበላሽ በየትኛው ሁኔታ ላይ ነው የሚቀረው? ይህን ጥያቄ ለራስሽ ሳትመልሺ ሞተር አትሣዪ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 አርክቴክቱ ዣን ኑቬል ፓሪስ ውስጥ በሠራው የአረብ ዓለም ተቋም የደቡብ ፊት ላይ 240 ፓነሎች አሉ፤ ብርሃን አይተው እንዲጠቡና እንዲሰፉ የታሰቡ። እነዚያም ቢሆኑ ተበላሽተው ቆመው እንደነበር የታወቀ ነው። አቡዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቁት የአል ባህር ማማዎች እያንዳንዳቸው ከ1,000 በላይ የሚታጠፉ ጥላዎች አሏቸው፤ ባለቤቶቻቸው ግን ቴክኒሻን ቀጥረው ማቆየት የሚችሉ ናቸው። ያንቺ ትምህርት ቤት መብራት ይጠፋበታል፣ በበጋ አቧራ ይገባበታል፣ በክረምት እርጥበት ይይዘዋል፤ ተርብም ጎጆዋን ትሠራበታለች። ክንፉ ተከፍቶ ከቀረ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል፤ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ይጨልማል፣ ይታፈናል።

ስለዚህ እንቅስቃሴውን ለሰው ተዪ። ከምሳ በኋላ መምህሯ ገፋ አድርጋ የምትዘጋው፣ በማጠፊያ የሚዞር ክንፍ ሥሪ። ሁለት ቦታ ላይ መቆም ከቻለ ይበቃል፤ የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ የፀሐይ ማስሊያው ፕሮግራም ሌዲበግ ይንገርሽ። ምስጥ ስላለ ፍሬሙን ብረት አድርጊው፤ ሰፈሩ ያለ በያጅ ይጠግነዋል።

4. ጥላ ብቻውን አያበርድም። ዝናቡ ሲገባ አየሩ ይከብዳልና ነፋስ ማሳለፍ አለብሽ፤ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ደግሞ ነፋሱን ይቀንሳል። ወንፊት ባለበት ቀዳዳውን አስፊው። እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘው ፍራንሲስ ኬሬ፣ ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 በሠራው ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያውን ከሸክላ ኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በመሃል አየር አሳልፏል። ይህ ለጋምቤላም ይሆናል። የአኙዋክን ጎጆና ትልቁን የኑዌር የከብት ቤት፣ ሉዋኩን፣ ገብተሽ እይ፤ የሣሩ ክዳን ግድግዳውን እንዴት እንደሚጋርደው ለኪ። ቅርጹን ግን ኮንክሪት ላይ አትለጥፊው፤ ያ ሲሆን ሳይ ያናድደኛል።

5. አዲስ አበባ ልደታ ስትማሪ የአርክቴክት ሃቪየር ቪላልታን የልደታ መርካቶ ሕንፃ በየቀኑ ሳታዪው አትቀሪም። በመስታወት ፈንታ ቀዳዳ ያለው ኮንክሪት መምረጡን ውሰጂ፤ የቀዳዳውን መጠን ተዪው፣ ለሌላ አየር ነው።

6. በምዕራብ በኩል ማንጎ ትከዪ። ባሮ ዳር ይበቅላል፣ ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ግን ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ መሠረቱ ሳይቆፈር ይተከል፤ ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮት ግድ ከሆነብሽም ክንፎችሽ እስከዚያ ያገልግሉ። ዛፉን በሞዴሉ ላይ በሦስት ዕድሜ ሣዪው።

የሚቀጥለውን ስትልኪ የማጠፊያውን ዝርዝር ሥዕል በ1፡5 ልኬት ጨምሪበት፤ ለበያጁ የሚሰጠው እሱ ነው።