«ሻሽ!» ስትለኝ የራሴን ፈትቼ ሰጠኋት

ጥያቄ፦ ጅዳ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ አምና ነው አገሬ የገባሁት። በሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት ማዳም ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠችና «ሻሽ! ሻሽ!» ብላ ጮኸች። አረብኛው ገና አልገባኝም ነበር፤ ይህን ቃል ግን ከእናቴ ቤት አውቀዋለሁ። ደንግጬ የራሴን ሻሽ ፈታሁና ሰጠኋት። ደሟን ትታ ሳቀች። ልጆቹም እስክመለስ ድረስ ሲያሾፉብኝ ኖሩ። ለካስ የፈለገችው ሐኪም ቤት ጎዝ የሚባለውን ነው። ለመሆኑ ቃሉ የማን ነው? ከእነሱ ወስደን ያበላሸነው እኛ ነን? አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ደግሞ «ሻሽ የከተማ ስም ነው፣ ጨርቁ የመጣው ከታሽከንት ነው» ትለኛለች። አያቴ ትታልኝ ያለፈች ነጭ ሻሽም አለችኝ፤ ወንፊት የመሰለች፣ እጅን አሳልፋ የምታሳይ። ገበያ ያለው አበባ አበባው ሻሽ እሷን በምንም አይመስላት። እውነተኛው ሻሽ የቱ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ። ልጆቹ የሳቁት ያላግባብ ነው። ማዳም በአረብኛዋ አልተሳሳተችም፣ እርስዎም በአማርኛዎ አልተሳሳቱም። እንዲያውም ቃሉ በጥንት ሥራው ቢመዘን ፍርዱ ወደ እርስዎ ያደላል።

ሻሽ ከአረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን አረቦቹ ዛሬ ቁስል የሚሸፍኑበት ሻሽ የቃሉ የመጀመሪያ ሥራ አይደለም። ሆላንዳዊው ሊቅ ራይንሃርት ዶዚ እ.ኤ.አ. በ1845 ዓ.ም. ስለ አረቦች የልብስ ስሞች አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር። እዚያ ሻሽ በቆብ ዙሪያ የሚጠመጠም ረጅም ስስ ጨርቅ ነው። እንግዲህ የራስ ጨርቅ ነበረ ማለት ነው። እርስዎ ከራስዎ ፈትተው የሰጡት ቃሉ ብዙ መቶ ዓመት የኖረበትን ነገር ነው።

ይህ ጨርቅ ለምን ስስ ሆነ ቢሉ፣ ጥምጥም ብዙ ክንድ ይፈጃል። አቡጀዲድ ያን ያህል ቢጠመጠም አንገት ይሰብራል፣ በሙቀት አገርም ራስ ያፍናል። ስለዚህ ሸማኔው ድሩንና ማጉን አራርቆ ይሠራዋል። ክሩ ቀጭን፣ በክርና በክር መካከል ያለው ቀዳዳ ሰፊ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጨርቅ ሲጠመጠም ይከመራል እንጂ አይከብድም፤ ላብ ይመጥጣል፣ አየር ያስገባል። ቁስል ላይ የተፈለገውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ሳሳ ያለ የጥጥ ጨርቅ ቁስል ላይ ማድረግን ካስለመደ በኋላ፣ ይህ ዓይነት ጨርቅ በየአገሩ ሐኪም ቤት ገባ። አረቦቹ ለአዲሱ ዕቃ አዲስ ስም ፍለጋ አልሄዱም። ጨርቁን ያውቁታልና ሻሽ አሉት። እኛ ዘንድ ግን ዕቃው ከነስሙ መጣ። ጎዝ ከእንግሊዝኛ ነው፣ ፋሻ ደግሞ ከጣሊያንኛ። ሻሽ የሚለው ቃላችን ሐኪም ቤት ሳይገባ ራሳችን ላይ ቀረ። የእርስዎና የማዳም አለመግባባት የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

በነገራችን ላይ «ጎዝ» ሲሉ ሸማኔና ነርስ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። በሽመና ሙያ ይህ ስም የሚገባው፣ ማጉ በገባ ቁጥር ሁለት ሁለት ድሮች እንደ ገመድ እየተጠላለፉ ለሚይዙት ጨርቅ ነው። እንዲህ የተሠራ ቀዳዳው ሰፊ ቢሆንም ክሩ ከቦታው አይንሸራተትም። የሐኪም ቤቱ ጎዝ ግን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች የሚያሳልፍ ተራ ሽመና ነው፤ የተለየው ክሩ በመራራቁ ብቻ ነው። መቀስ ሲነካው ዳሩ የሚተረተረውም ለዚህ ነው።

ወደ ቃላችን ልመለስ። ሻሽ ከአረቦች ቤት የወጣው ወደ እኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወሰዱት፤ ያኔ የምሥራቅ ሰዎች ራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ጨርቅ ማለት ነበር። መቶ ዓመት ሳይሞላ በአፋቸው «ሳሽ» ሆነና ከራስ ወደ ወገብ ወረደ። ዛሬ የመኮንን ወገብ የሚታሰርበት፣ የቁንጅና ውድድር አሸናፊ ከትከሻዋ አጋድማ የምታጠልቀው ጨርቅ ሳሽ ነው። (መስኮት የሚያቅፈውን ክፈፍም ሳሽ ይሉታል፤ ያ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው። ሞክሼ መሆኑ አያሳስትዎ።) ፈረንሳዮች በበኩላቸው የሰሐራ ሰዎች ራስና ፊታቸውን የሚጠመጥሙበትን ረጅም ጨርቅ «ሼሽ» ይሉታል። የእነሱም ምንጭ ያው ሻሽ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አረብኛው ራሱ ያደረገው ነው። ከዚሁ ቃል «ሻሻ» የሚል ስም አወጣ። ስስ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ ሥዕል ሲታይበት፣ ያ የተወጠረው ሻሻ ተባለ። በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ የእጅ ስልክ መጣ፤ ጨርቁ ጠፍቶ መስታወት ሲተካው ስሙ ቀረ። ጅዳ ሳሉ «ሻሻውን ጥረጊ» ተብለው ከሆነ፣ የጠረጉት የቴሌቪዥን መስኮት የራስዎ ሻሽ የወንድም ልጅ ነው።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም «ሻሽ» ይላሉ። እነሱ ዘንድ የባለትዳር ሴት የራስ መሸፈኛ ነው። ልጃገረድ አታስረውም። ሠርጉ አልፎ ሴቶች ተሰብስበው ለሙሽራዋ ሻሽ የሚያለብሱበት ራሱን የቻለ ሥርዓት አለ። እዚያ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሽመና አይደለም፤ «ይህች ሴት አግብታለች» ይላል። በአፋን ኦሮሞም «ሻሺ» የራስ ጨርቅ ነው።

እኛ ዘንድ የሆነውን ሳየው ሻሽ መጀመሪያ የሴት ብቻ አልነበረም። የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፍ አላዩም? ነጭ ስስ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ ጠበቅ ብሎ ታስሯል፣ ከላዩ ሰፊው ጥቁር ባርኔጣ ተደፍቷል። የቄሶቻችን ጥምጥም ጨርቁ ሻሽ ነው፤ የሼሆቻችንም እንዲሁ። ከውጭ የመጣው የጥጥ ጨርቅ በምጽዋ በኩል ሲገባ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሕንድ ወይም የአረብ ነጋዴ ነበርና፣ ስሙም በነጋዴ አፍ ቢገባ አይደንቅም። ነጭነቱ ከማማሩ የተነሣ ሰው የነጣን ነገር «ሻሽ የመሰለ» ማለት ጀመረ። የልጅ ስምም ሆነ፤ ሻሽወርቅ የሚባሉ እመቤቶችን በየሰፈሩ ያገኛሉ።

በሴቶቹ ቤት ደግሞ ሻሽ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ የመልእክት መንገድ ነው። አራስ ነፋስ እንዳይመታት ታስረዋለች። ቅቤ የተቀባች ሴት ቅቤው ልብሷ ላይ እንዳይወርድ ትጠፍርበታለች። ራሷን ያመማት ግንባሯን አጥብቃ ታስርበታለች፤ እሱን ያየ «ምነው፣ አመመሽ?» ሳይል አያልፍም። ኀዘን የገባባት ጥቁር ሻሽ ታስራለች፣ ያን ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ሹሩባዋ እንዳይፈታ ማታ ማታ የምታስረውም አለች። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጨርቁ ስስ እንዲሆን የሚያስገድድ የለም። ቀስ በቀስ የሆነውም ይኸው ነው። አማርኛ ሽመናውን ረሳና ቦታውን ያዘ፤ ራስ ላይ ከታሰረ፣ ከምንም ይሠራ፣ ሻሽ ነው አለ። ገበያ ያዩት አበባ አበባው ፖሊስተር ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ያንሸራትታል፣ ላብ አይመጥም፤ ቢሆንም በአማርኛ ሻሽ ነው። «እውነተኛው የቱ ነው?» ላሉኝ፣ ስሙ የሁለቱም ነው፣ ጨርቁ ግን የአያትዎ ነው።

የእኔ እናት የሻሽን ደግነት የምትለየው በኩራዝ ነበር። ጨርቁን በእሳቱና በዓይኗ መካከል ትዘረጋና ነበልባሉ ጫፉ ድረስ ከታያት ትገዛለች። ሻሹ ሲያረጅም አይጣልም። ታጥቦ ጠጅ ማጥለያ ይሆናል፣ ንጥር ቅቤም ይጣራበታል። የጠላው ግን ቶሎ ይበጥሰዋል ትል ነበር። ዛሬ የሚሸጠውን ሻሽ ጠጅ አጥልይበት ቢሏት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

አንድ ቃል ሄዶ ሄዶ ጨርቁን ሲለቅ በሻሽ አልተጀመረም። የሙሽራዋን ቬሎ ይመልከቱ። በጣሊያንኛ ቬሎ ፊት ላይ የሚወርደው ስስ መሸፈኛ ብቻ ነው። እኛ ግን ከራስ እስከ እግር ያለውን ነጭ ቀሚስ ሁሉ ቬሎ አልነው። አንዲት ጣሊያናዊት አዲስ አበባ መጥታ «ቬሎ ተከራየሁ፣ ይኸን ያህል ሺህ ብር ከፈልኩ» የምትል ሙሽራ ብትሰማ፣ ለፊት መሸፈኛ ያን ያህል ብር መውጣቱ ሳይገርማት አይቀርም። የእርስዎ ነገር ተገልብጦ ደረሰባት ማለት አይደል?

አሁን ወደ ጓደኛዎ ታሽከንት። ልጅቱ ከባዶ አልተነሣችም። የዛሬዋን ታሽከንት ጥንት አረቦች «አልሻሽ» ይሏት ነበር፤ ይህ እርግጥ ነው። ቱኒዚያዎች «ሻሺያ» የሚሉትን ቀይ የሱፍ ቆብም ከዚያች ከተማ ስም ጋር የሚያያይዙ ሊቃውንት አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሻሽ ስለሚጠመጠምበት ነው ሻሺያ የተባለው ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። የከተማ ስምና የጨርቅ ስም መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆነኝም፤ ደጉ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ከሕንድ በኩል ነው፣ በተለይ ከቤንጋል፣ ከዛሬዋ ዳካ አካባቢ።

የጨርቅ ስምን ከከተማ ማውጣት የሚወዱ ሰዎች ሌሎች ምሳሌዎችም ይጠቅሱልዎታል። ሙስሊን ከሞሱል ነው ይሉዎታል፣ እውነት ነው። ግን ማርኮ ፖሎ ከሞሱል የሚመጣ ብሎ የጻፈው ጨርቅ ከሐርና ከወርቅ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ ሙስሊን የምንለው ስስ ጥጥ ነው። ከተማው ቢገኝም ጨርቁ ሌላ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ጎዝ ከጋዛ ነው ይሉዎታል። ይህ በየመጽሐፉ አለ፣ ሆኖም ቃሉ በአረብኛና በፋርስኛ ጥሬ ሐር ከሚለው «ቀዝ» የመጣ ነው የሚሉም ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም። ጓደኛዎ ከነገሩ አትራቅ፣ ግን በእርግጠኝነት አትማል።

ወደ ባሕር ማዶ የሚመለሱ ወይም የሚሄዱ እኅቶች ይህን ካነበቡ፣ ለእነሱ አንድ ነገር። አረብ ቤት «ሻሽ» ከተባሉ የመድኃኒት ሣጥኑን ይክፈቱ። የራስ መሸፈኛ የተፈለገ እንደሆነ ሳዑዲ «ጠርሓ»፣ ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች «ሸይላ»፣ ሊባኖስ ደግሞ «ኢሻርብ» ሲሉ ይሰማሉ።

የመጨረሻው ስለ አያትዎ ሻሽ ነው። ጎዝ ነው ብያለሁና ቁስል ላይ እንዳያውሉት፤ የሐኪም ቤቱ ጎዝ ከጀርም የጸዳ ነው፣ የሣጥን ጨርቅ አይደለም። በረኪና አያስነኩት፣ ክሩን ይበላዋል። በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳይጨምቁ ያጥቡት፤ ሰፊ ፎጣ ላይ ዘርግተው በጥላ ያድርቁት እንጂ ገመድ ላይ አይስቀሉት፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል። ሲያስቀምጡም አይጠፉት፤ ስስ ጥጥ የሚበጠሰው እጥፋቱ ላይ ነው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ይጠቅልሉት።