አይሱዙው ከመነሳቱ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ራጉኤል በር ላይ አግኝተሽኝ «እማማ፣ ለተፈናቀሉት ሴቶች አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ» ስትይኝ ደስ አለኝ። ደስ ያለኝን ያህል ደግሞ ፈራሁልሽ፤ እጅሽ ከጆሮሽ ይቀድማል። እኔ ከሸማ ተራ በርበሬ ተራ ስመላለስ አርጅቻለሁ፤ የሴቶች እድራችንንም ገንዘብ ብዙ ዓመት ይዣለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ።

1. ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። በ2014 ዓ.ም. እኛም እንደ አንቺ ቸኩለን ነበር። ከሱቅ ሱቅ ዞረን ልብስ ለመንን፤ ስድስት ቦንዳ ሞላልን። አይሱዙ ተከራይተን ደብረ ብርሃን ለተጠለሉት ይዘን ወጣን። 130 ኪሎ ሜትሩን በእልልታ ነው የጨረስነው። እዚያ እርዳታውን የሚያከፋፍሉት ራሳቸው የተፈናቀሉ ሴቶች ነበሩ። አንዷ የመጀመሪያውን ቦንዳ ፈታች። ባለ ተረከዝ ጫማ ወጣ፣ ያውም አንድ እግሩ ብቻ። ቀጥሎ የሰርግ ቀሚስ። ቀጥሎ ቁልፍ የሌለው የወንድ ካፖርት። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ካፖርቱን አጥፋ ወደ ጎን አስቀመጠችና ጠጋ ብላ በጆሮዬ «እማማ፣ ፓንትና ሞዴስ የለም?» አለችኝ። ቀጥላ የእጅ ባትሪ ጠየቀችኝ። ሽንት ቤቱ ከመጠለያው ራቅ ይላል፤ ሴቶቹ በጨለማ ላለመውጣት ሲሉ ከሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት ትተው ነበር። ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ ስልክ ብንደውል ይበቃን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ግማሹን ሰልባጅ መልሰን ጭነን ገባን።

2. አዲስ ማኅበር ላቋቁም አትበይ። የማያዋጣ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል፤ የዛሬዎቹ ደግሞ በባነርና በቲሸርት ይጀመራሉ። ጦርነት በገባበት ከተማ ሁሉ አስቀድሞ የነበረ የሴቶች ስብስብ አለ፤ እድር አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ እቁብ አለ፣ የተመዘገበ የሴቶች ድርጅት አለ። ተኩስ ሲቀርብ ሌላው ሠራተኛ በመኪና ይወጣል፤ እነሱ ግን ቤታቸው እዚያው ነውና ይቀራሉ። ማን አራስ እንደሆነች፣ የማን ባል እንዳልተመለሰ፣ የማን ልጅ ሌሊት እንደሚጮህ ያውቃሉ። በ2013 ክረምት ከራያና ከወልድያ የሸሸው ሕዝብ ደሴ ሲገባ የደሴ እናቶች እንጀራቸውን ይዘው ወጥተዋል። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴን ራሷን አገኛት፤ ትናንት ያበሉት እናቶች እነሱው ተፈናቃይ ሆኑ። እንዲህ ያለችዋን ሴት ፈልገሽ ከጎኗ ቁሚ። ከፊቷ አትቁሚ።

3. ትንሽም ብትሆን በየወሩ ስጪ። ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት ይላሉ አባቶች። ሰው ጦርነቱ በቴሌቪዥን እየታየ ሳለ ይሰጣል፣ ወሬው ሲቀየር ይረሳል፤ የተራበችዋ ግን አልጠገበችም። በ2017 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት ቀውስ ባለባቸው 44 አገሮች የሚሠሩ 411 የሴቶች ድርጅቶችን ጠይቆ ነበር። የእርዳታ ገንዘብ እንዲህ እንደተቆረጠ ከቀጠለ በስድስት ወር ውስጥ ልንዘጋ እንችላለን ያሉት 47 በመቶ ናቸው። የውጭ ለጋሾች ከሰብዓዊ እርዳታው ሩቡን በየአገሩ ላሉ ድርጅቶች እንሰጣለን ብለው በ2008 ቃል ገብተው ነበር፤ እስካሁን ከቃላቸው እጅግ እንደራቁ ናቸው። የራሳችንንም ነገር አትርሺ። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለስንቷ ምስኪን በነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራው ክፉኛ ተመናመነ። አዋጁ እስኪሻር 10 ዓመት ሄደ። ያኔ እዚህ መርካቶ ያለን ነጋዴዎች በወር መቶ መቶ ብር ብናዋጣ ኖሮ ስንቷ ሴት ጠበቃ ታገኝ ነበር! አላዋጣንም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

4. ለማይታየው ነገር ክፈይ። ሁሉም ዱቄት መግዛት ይወዳል፤ ዱቄቱ ያደረበትን ቤት ኪራይ የሚከፍል ግን የለም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የስልክ ካርዱ፣ የባጃጁ ሒሳብ ካልተከፈለ ዱቄቱ መጋዘን ውስጥ ይነቅዛል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 እንኳ አንድ ድርጅት ከገቢው እስከ 20 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ እንዲያውል ይፈቅዳል። ሕጉ የፈቀደውን አንቺ አትንፈጊ።

5. ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገርሽ። የተደፈረች ሴት ፎቶ አይነሳም፤ ስሟ ቴሌግራም ላይ አይወጣም፤ ታሪኳ ገንዘብ መለመኛ አይሆንም። ፊቷን ብትሸፍኚው እንኳ ነጠላዋን የሚያውቅ ጎረቤት አለ። የሴቶች ማረፊያ ቤት ያለበትን ሰፈር ብታውቂም ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ፤ እዚያ ያለችዋ ሴት የሸሸችው ሰው ያንኑ እያፈላለገ ይሆናል። ማወቅ ያለብሽ ሌላ ነው። ጥቃት የደረሰባት ሴት 72 ሰዓት ሳይሞላ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳትጥል ብትሄድ ለማስረጃ ይጠቅማታል። ይህን ለምትረጃቸው ቡድኖች ሁሉ አስተምሪ፣ የትራንስፖርትም ገንዘብ አስቀምጪላቸው፤ ሦስት ቀን እንደ ዘበት ያልቃል። ደግሞ ምስጢር መጠበቅ ለአገራችን ሴት አዲስ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ እዚሁ አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች መድኃኒትና ጥይት ይልኩ ነበር። በኋላ ተይዘው እስከ ጣሊያኗ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ወሬኛ ቢገባበት ስንት ሰው ያስጨርስ እንደነበር አስቢው።

6. ሰላም ከሐዘን ቤት ይጀምራል። በ2014ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን ከእድራችን አንዷን ወስደው አሰሯት። የትግራይ ልጅ ናት፤ 20 ዓመት ቡና አብረን ጠጥተናል። ስንቅ በተራ እናድርስላት ሲባል ቤቱ ዝም አለ። አንዳንዶቻችን ፈርተን ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ልጆቻቸው ግንባር ነበሩና ልባቸው ሻክሮ ነበር። ያኔ በአንዋር መስጊድ በኩል የምትነግደው ሐጃ ሳህኑን በፎጣ ቋጥራ ተነሳችና «ስንቅ ዘር የለውም» ብላ ወጣች። እኔም ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳት፤ በማግስቱ ሌሎቹም መጡ። ሴትዮዋ ተፈታች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ልጁን ግንባር ለላከችው አባላችን መርዶ ሲመጣ፣ ከሁላችን ቀድማ ድንኳኑ ውስጥ የገባችው ያችው ሴት ነበረች። እሷም ወንድሟን በወዲያኛው ወገን አጥታለች። ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው አለቀሱ፤ ማን ማንን ገደለ የሚል ቃል ከዚያ ድንኳን ውስጥ አልተሰማም። ልጄ፣ እኔ ያየሁት እርቅ ይህ ነው። በኦሮሞ እናቶች ዘንድም እንዲሁ አለ፤ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በተጣሉት መሃል ሲገቡ ጠቡ ይበርዳል። ስለዚህ ለሰላም የሚሆን ገንዘብ ስታሰባስቢ ሁሉም ወደ ሆቴል አዳራሽ አይሂድ። ለድንኳኑ፣ ለአግዳሚው፣ ለንፍሮውና ለቡናው የሚሆንም ይኑርበት።

7. ለሴቷ ወንበር ያዢላት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሁለት ዓመቱን ጦርነት ለማቆም ሲፈረም በቴሌቪዥን አይተሻል። የፈረሙት ሁለት ወንዶች ናቸው። ካሸማገሉት ሦስት የአፍሪካ ታላላቅ ሰዎች መካከል የደቡብ አፍሪካዋ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ብቻ ሴት ነበሩ። ሴቶች በሰላም ድርድር ይካፈሉ የሚለው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1325 ያኔ 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ፕሪቶሪያ ሩቅ ነው ብትይ ወረዳሽ ቅርብ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ሴቶቹ ቡና ለመቅዳት ብቻ አይጠሩ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ስብሰባ አትቅጠሪባቸው፣ ልጅ የሚይዝላቸውም ሰው አዘጋጂ። ይህች ትንሽ ነገር ስንቷን ከአዳራሽ ስታስቀር አይቻለሁ።

8. ደረሰኝ ያዢ። እህትሽም ብትሆን፣ ጓደኛሽም ብትሆን፣ ሃምሳ ብርም ቢሆን። ሐሜት የገባበት የሴቶች ማኅበር ከተቃጠለ ሱቅ ይብሳል፤ ሱቁስ ይሠራል።

9. የሚረዱትንም እርጂ። ቀኑን ሙሉ የሌላዋን መከራ ስትሰማ የዋለች ሴት ማታ ቤቷ ገብታ እንጀራዋን መቁረስ ያቅታታል። ያቺ ሞዴስ የጠየቀችኝ ሴት ዛሬም እዚያው ታስተባብራለች፤ አንድም ቀን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት ሰው እንደሌለ የነገረችኝ በቅርቡ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ! እኔም አላልኳትም ነበር። አንቺ ስትደውዪላት በዚህ ጀምሪ፤ የሚያስፈልጋቸውን ዝርዝር ቀጥለሽ ትጠይቂያታለሽ።

ወደ እሷ የሚሄደው አይሱዙ ማክሰኞ ማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ይነሳል። የነገረችሽን በወረቀት ጽፈሽ እስከ ሰኞ ማታ ሱቅ አምጪልኝ። ሞዴስ በካርቶን የሚያስረክቡትን ሰዎች አሳይሻለሁ፤ የዋጋውን ክርክር ለእኔ ተዪው።