አንድ መስመር፣ ሦስት ቀለም

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ካርታዬን ያዩልኛል? እያንዳንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ ነው የሣልኩት፤ ከሥር ወፍራም ጥቁር፣ በላዩ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ የተቆራረጠ ነጭ። ደንበኛው አሁን አንዱ መንገድ ወደ ግራ ይጠጋ አለኝና ሦስቱን እኩል ማንቀሳቀስ አቃተኝ።

ጋሼ፦ መንገዱ አንድ፣ አንቺ ሦስት አደረግሽው። ሁለቱን ኮፒ አጥፊና የቀረውን መስመር ምረጪ። ከዚያ ኢሉስትሬተር ውስጥ አፒራንስ የሚባለውን ፓነል ክፈቺ።

ወጣቷ፦ አንድ ፊልና አንድ ስትሮክ ነው የሚያሳየኝ።

ጋሼ፦ ሥሩ ላይ አዲስ ስትሮክ መጨመሪያ አለልሽ፤ ሁለት ጨምሪ። የዝርዝሩ ላይኛው ረድፍ ከሁሉ ፊት ይታያል፣ ታችኛው ከሁሉ ኋላ ይሆናል። ታችኛውን 8 ነጥብ ጥቁር፣ መካከለኛውን 6 ነጥብ ቢጫ አድርጊው፤ በግራና በቀኝ 1 ነጥብ ጥቁር ጠርዝ ይተርፍሻል። ላይኛውን 1 ነጥብ ነጭ አድርገሽ ቆራርጪው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ረድፉን ይዘሽ መጎተት ነው።

ወጣቷ፦ መስመሩን ሳጣምመው ሦስቱም አብረው ተጣመሙ!

ጋሼ፦ መስመሩ አንድ ነዋ፤ የተደራረበው ልብሱ ነው። ይህ ፓነል የመጣው በዘጠነኛው የኢሉስትሬተር እትም፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2000 ነው። ከዚያ በፊት መስመር በመስመር ላይ መደረብ ግድ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰበብ የለሽም።

ወጣቷ፦ የቀሩትን መንገዶች ሁሉ እንደዚህ ልሠራቸው ነው?

ጋሼ፦ የለም። መስመሩ እንደተመረጠ ግራፊክ ስታይልስ ፓነል ውስጥ አዲስ ስታይል አድርገሽ አስቀምጪው። ስም ስጪው፣ «ዋና መንገድ» በይው። «ግራፊክ ስታይል 14» እያሉ ማስቀመጥ የስንፍና ሁሉ ስንፍና ነው፤ ፋይሉን ነገ የሚከፍተው ሰው ምን ብሎ ይፈልገው? ከዚያ የቀሩትን መንገዶች መርጠሽ ስታይሉን አንዴ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ቢጫው ብርቱካናማ ይሁን ቢሉኝስ?

ጋሼ፦ ማለታቸው አይቀርም። አንዱን መንገድ ቀይሪና ከአፒራንስ ፓነሉ ሜኑ ሪዲፋይን የሚለውን ምረጪ፤ ስታይሉን የያዙት ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። አንድ መንገድ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ግን፣ ቀደም ሲል ለብቻው ነካክተሽዋል ማለት ነው። እንዲያ ሲሆን ከስታይሉ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል።

ወጣቷ፦ ይኸኛውስ? መስቀለኛው ላይ የአንዱ መንገድ ጥቁር ጠርዝ ሌላውን ዘግቶታል።

ጋሼ፦ ይሄን ሳትጠይቂ ብትሄጂ ነበር የማዝነው። ፕሮግራሙ የአንዱን መንገድ ሦስት ስትሮክ ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሻገረው፤ ስለዚህ የሁለተኛው ጥቁር በአንደኛው ቢጫ ላይ ያርፋል። እኛ የምንፈልገው አስቀድሞ የሁሉም ጥቁር፣ ቀጥሎ የሁሉም ቢጫ እንዲቀባ ነው። መፍትሔው ስታይሉን ከመንገዶቹ ገፎ ለሌየሩ መስጠት ነው።

ወጣቷ፦ ለሌየርም ስታይል ይሰጣል እንዴ?

ጋሼ፦ አሳምሮ! መጀመሪያ መንገዶቹን ያለ ፊልና ያለ ስትሮክ አስቀሪያቸው። ከዚያ ሌየርስ ፓነል ውስጥ፣ ከሌየሩ ስም በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ክብ ጠቅ አድርጊ። ስሙን መጫን አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሁን «ዋና መንገድ»ን ስጪው።

ወጣቷ፦ ተከፈተ! ነጩ ሰረዝ ግን መስቀለኛው ላይ ተጣረሰ።

ጋሼ፦ እሱን ከስታይሉ አውጪው። በዚህ መጠን ካርታ ላይ ዓይን ከማወክ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። መንገድ ከዚህ ሌየር ወደ ሌላ ስታዛውሪ መልኩን ሁሉ እዚሁ ጥሎ እንደሚሄድ ግን እወቂ።

ወጣቷ፦ የሰፈሮቹን ስም ደግሞ እንዲነበብ ብዬ በነጭ ከበብኩት፣ ጭራሽ ባሰበት።

ጋሼ፦ ስትሮክ እኮ ግማሹ ወደ ፊደሉ ውስጥ ይገባል። የእኛ ፊደል በቀጭን ነገር ነው የሚለያየው፤ የ«ቄራ»ን «ቄ» ተመልከቺ፣ ክቧን ነጩ በልቷት «ቂ» ልትመስል ምንም አልቀራት። ያንን ስትሮክ አጥፊ። ጽሑፉን በመምረጫው ቀስት ይዘሽ በአፒራንስ ፓነል ውስጥ አዲስ ነጭ ስትሮክ ጨምሪና ካራክተርስ ከሚለው ረድፍ በታች ጎትቺው። ነጩ ከኋላ ይሆናል፣ ፊደሉ ሳይነካ ከላይ ይቀመጣል። ይህንንም «የሰፈር ስም» ብለሽ አስቀምጪው።

ወጣቷ፦ ጓደኛዬ የምትሠራው በኢንክስኬፕ ነው። እሷም እንዲህ ማድረግ ትችላለች?

ጋሼ፦ ለፊደሉ ትችላለች፤ ስትሮኩን ከፊሉ በታች የሚያደርግ ምርጫ እዚያም አለ። ለመንገዱ ግን ክሎን እየሠራች መደራረብ ይኖርባታል። ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው፤ በዚህ በኩል ግን አድካሚ ነው።

ወጣቷ፦ ማተሚያ ቤቱ ኤክስፓንድ አድርገሽ አምጪ ብሎኛል።

ጋሼ፦ ካሉ አድርጊላቸው፤ ግን በኮፒው ላይ። ኤክስፓንድ አፒራንስ ስታይሉን ወደ ተራ ቅርጾች ይበትነዋል፤ አስቀምጠሽ ከዘጋሽ በኋላ መልሶ የሚሰበስብልሽ ትእዛዝ የለም። ዋናውን ፋይል እንዳትነኪ።