ወደ ጣና ቂርቆስ ለሚጓዙ



በቂርቆስና በካዛንቺስ የምንኖር ሁሉ የሰማዕቱን የሕፃኑን የቅዱስ ቂርቆስን ስም በየዕለቱ እንጠራለን፤ ታክሲ ስንሳፈር እንኳ ሳይቀር። ይኸው ስም ከከተማችን ርቃ በጣና ሐይቅ ላይ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ቋጥኛማ ደሴትም ይጠራል። ወደዚያ ለመጓዝ የሚያስቡ ወጣቶች ስላሉን አስቀድመን ጥቂት እንማር።

እንደ ምዕራባውያን ትውፊት ቅድስት ኢየሉጣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የሦስት ዓመት ልጇን ቂርቆስን ይዛ ከኢቆንዮን ተሰደደች፤ በጠርሴስ ተይዘውም በ304 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሰማዕትነት ዐረፉ። እንግዲህ ቂርቆስ ቤቱን ትቶ የተሰደደ ሕፃን ነው። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሩቅ ሰፈር ለሄዱ ልጆቻችን ይህን ማብራራት አያስፈልገንም። በሀገራችን ጥር 15 እና ሐምሌ 19 ቀን ይታሰባል።

ደሴቲቱ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጠገብ ትገኛለች፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የሰዓታት መንገድ ናት። ገደሉ ከውኃው ቀጥ ብሎ ይነሣል። በገዳሙ ትውፊት መሠረት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመወሰዷ በፊት 800 ዓመት በዚያ ኖራለች፤ አናታቸው የተቦረቦረው የድንጋይ ዓምዶችም የመሥዋዕት ደም የሚፈስስባቸው ነበሩ ይባላል።

ልጆች «እውነት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በእኛ ቀኖና በሚገኘው 2ኛ መቃብያን 2፡4-8 ኤርምያስ ታቦቷን በዋሻ እንደ ሸሸጋት ተጽፎአል። የደሴቲቱ ትውፊት ለእኛ የእምነት አንቀጽ አይደለም፤ ነገር ግን መሳለቂያ የሚያደርገው መምህር ከልጆቹ ይልቅ ራሱ ትምህርት ያሻዋል። አባቶች በጸሎትና በጾም የጠበቁትን ነገር በአክብሮት እናዳምጥ።

ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት የግሪክ ደሴት ፍጥሞም (ራእ. 1፡9) እንዲሁ ዐለታማ ናት፤ ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ገዳሟ በ1088 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኦርቶዶክሳውያን መነኮሳት የተመሠረተ ሲሆን፣ ካቶሊካውያን ተሳላሚዎች በእንግድነት ይወጡባታል። በጣናም እንግዶች ነን። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ድንጋጌ የምሥራቃውያንን ምንኩስና በክብር ይጠቅሳል።

ስለዚህ ከመግባታችን በፊት አበምኔቱን እናስፈቅድ፤ ሴቶች እስከ የት እንደሚገቡም አስቀድመን እንጠይቅ። በቅዳሴው ቆመን እንጸልያለን፤ ባለቤቶቹ ስለማይፈቅዱልን ግን ወደ ቅዱስ ቁርባን አንቀርብም፤ ይህንንም ለልጆች በመንገድ ሳይሆን ከጉዞው በፊት እንንገራቸው። ጧፍና ዕጣን ይዞ መሄድ መልካም ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ በነፋስ ስለሚናወጥ ጀልባው በማለዳ ይነሣ።