ቦታው ነው ወይስ አያያዙ? ከወይን ገበያ የምንወስደው

የዛሬው ዋጋ ከላይ ተለጥፏል፤ አሁን ትንሽ ስለ ቅምሻ እናውራ።

ሻብሊ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ብርዳማ አካባቢ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ናፓ ደግሞ ሞቃት ነው። ሁለቱም ጋ ሻርዶኔ የሚባለው የወይን ዝርያ ይበቅላል። የሻብሊው ቀለል ያለ፣ አሲዲቲው የሚያነቃ ነው፤ የናፓው ወፈር ይላል፣ አልኮሉም ጠንከር ያለ ነው። በሙቀት ፍሬው ብዙ ስኳር ይይዛል፣ አሲዱ ይቀንሳል፤ ያ ስኳር ነው ሲብላላ አልኮል የሚሆነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው። ብዙ የናፓ ሻርዶኔ ላይ የሚሸተው ቫኒላ ከአፈሩ አይደለም፣ ከኦክ በርሜሉ ነው። ሻብሊ በአብዛኛው በብረት ታንከር ስለሚቆይ ያ ሽታ የለውም። ቦታን ከቦታ ለማወዳደር በርሜል ያልነካውን ከበርሜል ያልነካው ጋር ነው መቅመስ።

እኛም ጋ ያው ነው። ያልታጠበ ሐረርን ከታጠበ ይርጋጨፌ ጎን አስቀምጦ «ልዩነቱ የአፈሩ ነው» ማለት አያስኬድም። የታጠበ ሊሙን ከታጠበ ይርጋጨፌ ጋር፣ በአንድ አቆላል፣ በአንድ ውሃ ቅመሱ። (የዝርያው ልዩነት ይቀራል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ሻብሊ ጠርሙስ ላይ ብዙ ጊዜ የዝርያው ስም እንኳ አይጻፍም፣ የቦታው ስም ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ስሙ ፈረንሳይ ውስጥ በሕግ የታጠረ ነው፤ ከአካባቢው ውጭ የበቀለ ወይን እዚያ በዚያ ስም አይሸጥም። የኛ ሎት ውስጥ የሌላ ወረዳ ቡና ከገባ ግን ጎበዝ ቀማሽ ይደርስበታል፣ ቅናሽም ይጠይቃል።

ዩኒየኖች፣ ናሙና ስትልኩ ጣቢያውንና አዘገጃጀቱን ከረጢቱ ላይ ጻፉልን።