የተከራይ ግቢ ሰላም እንዲያድር፦ ለሐዋሳ አከራዮችና ተከራዮች

በሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ አምስት ስድስት ቤተሰብ አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት እየተጋራ የሚኖርበት ግቢ ብዙ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ ወጣት ሠራተኞች ወደ ከተማዋ ጎርፈዋል። ገና ሳይነጋ ለፈረቃ የምትነሳ ልጅ ግድግዳ ጎረቤቷ እስከ እኩለ ሌሊት ስፒከር ከፍቶ ካመሸ፣ ጠዋት ማሽን ላይ የምትቀመጠው እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን ነው። እንዲህ ያለው ችግር በአብዛኛው ሥር የሚሰደው አከራዩ ኪራዩ በሰዓቱ እስከገባለት ድረስ ዝም ስለሚል ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአከራዩ ነው፤ ያውም ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት።

ደንቡን ከውሉ ጋር ያስፈርሙ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል። አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ የምዝገባውን አካሄድ ከክፍለ ከተማው ይጠይቁ። ምዝገባው ቢዘገይ እንኳ በቃል አያከራዩ።

ከውሉ ጋር አንድ ገጽ የግቢ ደንብ ያያይዙ። «ተከራይ ሥነ ምግባር ያለው ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ጠብ ሲነሳ ማንንም አይዳኝም። ይልቁንስ ሊታይና ሊቆጠር የሚችል ነገር ይጻፉ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሙዚቃ ድምፅ ከክፍሉ አይወጣም፤ የውጭ በር በዚህ ሰዓት ይዘጋል፣ የሚያመሽ ሰው የራሱን ቁልፍ ይይዛል፤ ሺሻ አይጨስም፤ ክፍሉ የጫት መቃሚያ ሆኖ ሰው አይሰበሰብበትም፤ መጸዳጃ ቤቱን በዚህ ሳምንት እገሌ፣ በሚቀጥለው እገሊት ታጸዳለች። የ3 ሰዓቱ ገደብ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ወደ 45 ይወርዳል። አከራዩ እዚያው ግቢ የሚኖር ከሆነ ደንቡ እሱንና ልጆቹንም ይመለከታል። አለዚያ ማንም አያከብረውም።

የቱ ረብሻ እንደሆነ ይለዩ

የሕፃን ልቅሶ፣ የቡና ሙቀጫ፣ የለቅሶ ድንኳን ወይም የአንድ ቀን የልደት ጭፈራ ረብሻ አይባልም። አብሮ መኖር ነው። ረብሻ የሚባለው ከተነገረ በኋላም የሚደጋገመው ነው፦ የሌሊት ጩኸት፣ ስድብ፣ ቆሻሻ በሰው ደጃፍ መድፋት፣ ሰክሮ የሰው በር መደብደብ። ሦስተኛው ዓይነት ወንጀል ነው፤ ድብደባ፣ ዛቻ፣ ስርቆት፣ በሴት ላይ የሚፈጸም ጥቃት። ይህ ጎረቤት የሚመክርበት ጉዳይ አይደለም። «ቤታቸው ነው፣ ባልና ሚስት ናቸው» ተብሎ የታለፈ ድብደባ ስንቷን ሴት እንዳስቀበረ የማያውቅ የለም። በዚያው ሰዓት ለፖሊስ ይደውሉ፤ የቅርቡ ጣቢያ ስልክ ከግቢው በር ጀርባ ተለጥፎ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ያነጋግሩ

ለተራው ረብሻ ሌሊት ሄዶ በር ማንኳኳት አይመከርም፤ የጠጣና የተናደደ ሰው አይሰማም። በማግሥቱ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ አንድ ሰው ብቻ ሄዶ ያናግረው። በዕድሜ ጠና ያለ ጎረቤት ቢሆን ይሻላል። «አንተ ረባሽ» ተብሎ ከተጀመረ ነገሩ ተበላሸ። «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ሌሊት እስከ 7 ሰዓት ስፒከሩ ክፍት ነበር። ልጆቹ 11 ሰዓት ላይ ለሥራ ይነሳሉና እባክህ ከ3 ሰዓት በኋላ ቀንስልን» ቢባል ግን ብዙው ሰው አፍሮ ያስተካክላል። ድምፁ ግድግዳ አልፎ መሰማቱን እንኳ ያላወቀ ይኖራል። ስለ ሰውየው ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም ሥራ አንድም ቃል አይነሳ። የግቢ ጠብ የሰፈር ጠብ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ካልታረመ ይመዝግቡ

ተራ ደብተር ይበቃል። «ጥቅምት 7፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20፣ ክፍል 3፣ የስፒከር ድምፅ፣ እስከ 8 ሰዓት፤ የክፍል 1 እና የክፍል 4 ተከራዮች ሰምተዋል» ብሎ በዚያው ቀን መጻፍ። «ሁልጊዜ ይረብሸናል» የሚል አቤቱታ ቀበሌም ፍርድ ቤትም ክብደት የለውም።

ደብተሩ ለአከራዩ ሲቀርብለት በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለበት፦ ምን እንደተፈጸመ፣ የደንቡ የትኛው ነጥብ እንደተጣሰ፣ እስከ መቼ እንዲታረም። ቅጂ ያስቀር፣ በምስክር ፊት ይስጥ፤ ማን እንደከሰሰ ግን አይናገር። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር አከራይ ኪራይ ሰብሳቢ ብቻ ወክሎ መቀመጥ የለበትም፤ የወከለው ሰው ማስጠንቀቂያ የመስጠት ሥልጣን ይኑረው።

አቤት የሚባልበት ቦታ እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል። የቀበሌ ቤት ከሆነ አከራዩ መንግሥት ስለሆነ ማመልከቻው ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ይገባል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለ፤ ተከራዩም ለኮሚቴው ማመልከት ይችላል። ረባሹ መጠጥ ቤት ወይም ጭፈራ ቤት ከሆነ የንግድ ፈቃድ ለሰጠው ክፍልና ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል።

ሽማግሌ፣ ከዚያም ቀበሌ

ማስጠንቀቂያው ካልሠራ የዕድር ዳኛ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይግባበት። ሐዋሳ በዚህ በኩል የታደለች ናት። በሲዳማ ባህል ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተከራይም ቢሆን እንዲህ ተሰምቶ የተነገረውን ቃል ለመቀበል አይከብደውም። የተስማሙበትን በወረቀት አስፍረው ይፈራረሙ። ይህም ከፈረሰ ደብተሩን፣ ማስጠንቀቂያውንና ስምምነቱን ይዘው ወደ ቀበሌው የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤትና ወደ ማኅበረሰብ ፖሊስ ይሂዱ። ጎረቤትን ከልክ ባለፈ ድምፅ፣ ጭስና ሽታ ማወክ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የተከለከለ ነው።

ማስወጣት የመጨረሻው ነው

የጎረቤትን ሰላም ደጋግሞ ማወክ በአዋጅ 1320 የኪራይ ውል ከሚያቋርጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህ ማለት ግን አከራዩ ዕቃ ደጅ ያወጣል፣ ቁልፍ ይቀይራል፣ ውሃና መብራት ይቆርጣል ማለት አይደለም። ተከራዩ አልወጣም ካለ በፍርድ ቤት ነው። በጉልበት የተገፋ ተከራይ፣ ረባሽም ቢሆን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ያኔ ተከሳሹ አከራዩ ይሆናል።

ሰውየው ከታረመ ደግሞ የድሮው አይነሳበት። ከወር በኋላ አከራዩ የግቢውን ሰዎች ሰብስቦ ደንቡን አብሮ ያንብብ፣ የማይሠራውን ነጥብ ይቀይር፣ ሁሉም እንደገና ይፈርም።